ልጆችን በቅጠል፣ በጭቃና በጠጠር ሥዕል ሲያሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የተዘጋጀ ናሙና ማሳየት። መምህሯ ከቅጠል የሠራችውን ቢራቢሮ ሰሌዳ ላይ ትለጥፍና «እንደዚህ ሥሩ» ትላለች። ብዙም ሳይቆይ ግድግዳው በተመሳሳይ ቢራቢሮዎች ይሞላል፤ ግማሾቹን ግን ያስተካከለቻቸው ራሷ ናት። ወላጅን ለማስደሰት የተሠራ ነገር የልጅ ሥዕል ሊባል አይችልም። ናሙናውን ይተዉትና ቅጠሉን፣ ጭራሮውንና ጠጠሩን መሬት ላይ ይዘርጉላቸው። አንዱ ልጅ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደረድራል፣ ሌላዋ በቀለም ትለያለች። ሳያውቁት ሒሳብ ጀመሩ ማለት ነው።

«መጀመሪያ ትምህርት፣ ከዚያ ጨዋታ» ማለት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1837 ጀርመን ውስጥ ለሕፃናት የጨዋታ ተቋም የከፈተው ፍሪድሪሽ ፍሮቤል ሁለቱን አልለያቸውም። ልጆቹ በኳስና በእንጨት ቅርጾች እየተጫወቱ፣ የአትክልት መደብ እየኮተኮቱ ነበር የሚማሩት።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ። የሦስት ዓመት ልጅ ብዙ ጊዜ የሚሥለው እጁ ሲንቀሳቀስ ደስ ስለሚለው ነው፤ ስም የሚያወጣለት ከጨረሰ በኋላ ነው፣ ያውም ካወጣለት። ያዩትን ብቻ ይናገሩ፦ «ጭቃውን በጣትህ እስከ ጫፉ ድረስ ጎትተኸዋል።» የሚናገረው ካለው ራሱ ይቀጥላል።

የቅጠል ቅርጽ በክሬዮን ሲያወጡ ልፋትን ከንቱ የሚያደርጉ ነገሮች አሉ። የደረቀ ቅጠል ሲጫኑት ይፈረካከሳል፤ አዲስ የወደቀ፣ ገና ያልደረቀ ይምረጡ። ለስላሳው ገጽ ወደ ላይ ከሆነ ጅማቶቹ ደብዝዘው ይቀራሉ፤ ስለዚህ ቅጠሉን ገልብጠው ጅማቱ ጎላ ያለበትን ጀርባውን ወደ ላይ ያድርጉ፣ ስስ ወረቀት ያልብሱት። ክሬዮኑን ልጣጩን አንሥተው በጎኑ አጋድመው ያሹት፤ በጫፉ ከተጫኑት ወረቀቱ ይቀደዳል። የወረቀቱን ማዕዘኖች በፕላስተር ጠረጴዛው ላይ ማጣበቅም አይርሱ። ትንሽ ልጅ በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ማሸት ይቸግረዋል፣ ወረቀቱ ሲንሸራተትበት ደግሞ ተናዶ ይተወዋል።

ሁሉንም ነገር በሙጫ ማጣበቅ። በጠጠር የተሠራ ክብ ፈርሶ እንደገና ቢሠራ ምንም አይጎድልም፤ ማፍረሱም የጨዋታው አካል ነው። ማስቀረት ከፈለጉ ፎቶ ያንሡት።

ከሁሉ የከፋው ግን ተክሉን ሳያውቁ መልቀም ነው። የጉሎ ፍሬ ዝንጉርጉርነቱ ዓይን ይስባል፣ ሆኖም ብርቱ መርዝ አለው። አስተናግርም መርዛማ ነው፤ የቅንጭብ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። ልጆቹን ከማሰማራትዎ በፊት ቦታውን ዞረው ይመልከቱ፣ የማያውቁትን ተክል አያስነኩ። ከሦስት ዓመት በታች ላሉት ደግሞ አፋቸው ውስጥ ሊገባ የሚችል ጠጠርም ሆነ ፍሬ አይስጧቸው፤ ያንቃቸዋል። ሲጨርሱ ሁሉም እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።