ትልልቅ ድመቶችን በድሬዳዋ ሙቀት ስናሳድግ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሜይን ኩን፣ የኖርዌይ የጫካ ድመትና ሳይቤሪያን ከቤት ድመቶች ግዙፎቹ መካከል ናቸው። ወንድ ሜይን ኩን አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ይመዝናል። ሦስቱም ግን የበረዶ አገር ፍጥረቶች ናቸው፤ ድሬዳዋ ደግሞ ግንቦትና ሰኔ ላይ 35 ዲግሪ ገደማ ትደርሳለች። ሐረር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ትሻላለች። እዚህ ታች ግን አብዛኛው ጥፋት የሚጀምረው ከሙቀቱ ነው።

ሞቆታል ብሎ መላጨት

ፀጉሩ ብርድን ብቻ ሳይሆን ፀሐይንም ይከላከልለታል፤ የተላጨ ቆዳ ይቃጠላል። የሚያፍነው የተቋጠረ ፀጉር ነው፤ አየር አያሳልፍም። በሳምንት 3 ጊዜ ጥርሱ ሰፋ ባለ የብረት ማበጠሪያ፣ ከጫፍ ጀምራችሁ ወደ ሥሩ እየተጠጋችሁ አበጥሩት። ብብቱን፣ ከጆሮው ኋላና በኋላ እግሮቹ መካከል ያለውን አትዝለሉ። ቋጠሮ ስታገኙ መቀስ አታንሱ። የድመት ቆዳ ስስ ስለሆነ ከፀጉሩ ጋር ተስቦ ይመጣና አብሮ ይቆረጣል። ሥሩን በሁለት ጣት ይዛችሁ በሌላው እጅ ጥቂት በጥቂት ፍቱት።

ሲያለከልክ ዝም ማለት

ውሻ ቢያለከልክ ደንቡ ነው። ድመት አፉን ከፍቶ ካለከለከ ግን ተጨንቋል ማለት ነው። ጤናማ ሙቀቱ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ነው፤ 40ን ካለፈ አደጋ ላይ ነው። ምራቁ ከተዝረበረበ ወይም ከተንገዳገደ ጥላ ውስጥ አስተኙት፤ መዳፉን፣ ሆዱንና ብብቱን አርጥቡ፣ ማራገቢያ አብሩ፣ ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። አንድ ነገር አትርሱ፦ ቀትር ላይ ከሮቶ የሚወርደው ውሃ ራሱ ትኩስ ነው። ቤት ውስጥ በባልዲ የዋለ ውሃ ተጠቀሙ፤ በረዶ አያስፈልግም። ቢሻለውም ልቡ ይታይ፤ በሜይን ኩን ዘንድ በዘር የሚተላለፍ የልብ ጡንቻ መወፈር ስላለ ማለክለኩ ከሙቀቱ ላይሆን ይችላል።

ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ከቀኑ 5 እስከ 10 ሰዓት ምድጃ ነው። ድመቱ በዚያ ሰዓት ንጣፍ ወለል ያለው ክፍል ውስጥ ይዋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቀድማችሁ ያቀዘቀዛችሁትን የሃይላንድ ውሃ በፎጣ ጠቅልላችሁ አጠገቡ አስቀምጡለት።

የወጥ ትርፍራፊና ጥሬ ሥጋ ብቻ

ያለ ሽንኩርት የሚሠራ ወጥ የለም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ። ሥጋውን ማጠብ አያድነውም። «እንግዲያው ከሥጋ ቤት ንጹሕ ሥጋ ልግዛለት» የሚል አለ፤ እሱም ብቻውን አይበቃም። ሥጋ ካልሲየም ስለሚያንሰው በማደግ ላይ ያለ ድመት አጥንቱ ይሳሳል፤ ሜይን ኩን ደግሞ እድገቱን የሚጨርሰው ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በየቀኑ ጉበት ከበላ ቫይታሚን ኤ ይከማችበትና የአንገቱ አጥንት ይያያዛል። መሠረቱ የተሟላ የድመት ምግብ ይሁን። የውሻ ምግብ አይተካውም፤ ለልቡና ለዓይኑ የሚያስፈልገው ታውሪን ላይኖረው ይችላል። ዶሮ ከቀቀላችሁለት ታውሪኑ ወደ መረቁ ስለሚወጣ ያለ ጨው የተቀቀለበትን መረቅ አብራችሁ ስጡት፤ አጥንቱን ግን አውጡ፣ ሲበስል ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

ውሃ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 50 ሚሊ ሊትር ገደማ ይፈልጋል። 8 ኪሎ ለሚመዝን ከምግቡ የሚያገኘውን ጨምሮ 400 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ሰፋ ባለ ሳህን፣ ከምግቡ ራቅ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ቦታ አኑሩለት።

ጠባብ የመጸዳጃ ሳጥን

ርዝመቱ ከአፍንጫው እስከ ጭራው መነሻ ካለው አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ትልቅ የላስቲክ ሳጥን ገዝታችሁ አንዱን ጎን ለመግቢያ ዝቅ አድርጋችሁ ቁረጡት። የደቻቱን ወንዝ አሸዋ የምትጠቀሙ ከሆነ ንፉት፣ እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት፤ ያለበለዚያ አቧራው እግሩ ሥር ያለው ፀጉር ላይ ይጋገራል። ወንድ ድመት ሳጥኑ ውስጥ እየተቀመጠ ሽንት ካልወጣው እስከ ነገ አትጠብቁ፤ ቧንቧው ተዘግቶ ሊሞት ይችላል።

የሰው መድኃኒት

ፓራሲታሞል አንድ ፍሬ እንኳ ሊገድለው ይችላል። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ ቁንጫ ማጥፊያም እንዲሁ መርዙ ነው።

ማታ ውጭ ማሳደር

ሐረር ላይ ጅብ በሌሊት በግንብ እስከታጠረው አሮጌው ከተማ እስከ ጁገል ድረስ ይገባል፤ በሩ ከመሸ በኋላ ይዘጋ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በ12 ሳምንቱ፣ ከዚያም ከአንድ ዓመት በኋላ ድጋሚ አስከትቡት፤ ከቤት የማይወጣ ቢሆንም።