ከስትሮክ በኋላ፦ ቤት ውስጥ እንቅስቃሴ እንዴት ይጀመራል?

አባቴን ስትሮክ መቷቸው ከሆስፒታል ስንመለስ ቤተሰቡ በሙሉ ለመርዳት ተሽቀዳደመ። አንዱ ያጎርሳቸዋል፣ ሌላው ጫማ ያደርግላቸዋል፣ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ ደግሞ ሁለት ሰው ብብታቸው ሥር ገብቶ ይሸከማቸዋል። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከአልጋ ለመነሳት መሞከሩንም ተዉት። ፊዚዮቴራፒስቷ መጥታ ስታየን መጀመሪያ ያለችን «እጃችሁን ሰብስቡ» ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተጎዳው አንጎል እንጂ እጅና እግር አይደለም። ያልተጎዳው የአንጎል ክፍል የጠፋውን ሥራ ቀስ በቀስ ሊማር ይችላል፤ የሚማረው ግን ታማሚው ራሱ ደጋግሞ ሲሠራው ነው። እኛ ስንሠራለት አይማርም።

መጀመሪያ ሐኪሙ ይፍቀድ። የግፊት መድኃኒት እንዳይቋረጥ፣ ከእንቅስቃሴ በፊትም ግፊት ይለካ፤ ስንት ሲሆን መተው እንዳለባችሁ ሐኪሙን ጠይቃችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ደግሞ ቶሎ ይበርታ ብላችሁ በመጀመሪያው ቀን አታጣድፉ። አቨርት በተባለው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ትልቅ ጥናት፣ ገና 24 ሰዓት ሳይሞላቸው ከአልጋ እየተነሱ ብዙ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉ ሰዎች ከሦስት ወር በኋላ የባሰ ውጤት ነው ያዩት።

አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ምረጡ ብትሉኝ ከወንበር መነሳትና መቀመጥን እመርጣለሁ። ሶፋ አይሆንም፣ በርጩማም አይሆንም። ጠንካራና ከፍ ያለ ወንበር ግድግዳ አስደግፉ። ሁለቱም እግሮች ወደ ኋላ ይሰብሰቡ፤ የደከመው እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ ከቀረ ጤነኛው ብቻውን ይሠራል፣ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ ወደ ፊት ማጎንበስ፣ አፍንጫ ከእግር ጣቶች በላይ እስኪደርስ። አሁን መነሳት። ሲቀመጡ ዘጭ ብለው ሳይሆን በቀስታ። በ5 ጀምሩ፣ አሳርፉ፣ ሲለምዱት 10 አድርሱት፣ በቀን ውስጥም ደጋግሙት። እናንተ በደከመው ጎን ቁሙና ቀበቷቸውን ያዙ።

እጃቸውን ግን በፍጹም አትጎትቱ! የትከሻው ጡንቻ ስለላላ መገጣጠሚያው በቀላሉ ይንሸራተታል፤ ያ ሕመም አንዴ ከመጣ እንቅስቃሴውን ሁሉ ያስጠላል። ብዙ ቤተሰብ ወጌሻ ጠርቶ ያሳሻል። ወጌሻ ለወለምታ ይጠራ ይሆናል፣ የስትሮክ ትከሻ ግን ተጎትቶና ተጠምዝዞ አይድንም። ሲተኙም ሲቀመጡም ክንዱን በትራስ ደግፉት።

ለጣቶች ደግሞ ቤት ውስጥ ያለው ይበቃል። ጠረጴዛ በፎጣ መወልወል፣ ሲኒ አንስቶ ማስቀመጥ፣ የሃይላንድ ክዳን መክፈት፣ ጣቶቹ ሲሻላቸው ምስር መልቀም። የተጨበጠ እጅ ካለ በቀስታ ዘርጉት፣ በጉልበት አይደለም።

ለእርምጃ ከዘራው በጤነኛው እጅ ይያዝ። ከዘራ፣ የደከመው እግር፣ ከዚያ ጤነኛው። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ የደከመው። በአጭሩ ጀምሩና በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን፣ በቀን ወደ 20 ደቂቃ አሳድጉት፤ እየተራመዱ ማውራት ካቃታቸው ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። ነጠላ ጫማ ይቅር። ምንጣፉን አንሱ፣ ለበዓልም ቢሆን ቄጤማ አትጎዝጉዙ፣ ያንሸራትታል።

ቶሎ ይደክማቸዋል። ስንፍና አይደለም፣ የስትሮክ ድካም የታወቀ ነገር ነው፤ ስለዚህ ከባዱን ሥራ ጠዋት፣ ካረፉ በኋላ አድርጉት። የደረት ሕመም ወይም ማዞር ካለ ወዲያው አቁሙ፣ የደረት ሕመሙ ካልተዋቸው ወደ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው። ፊት ከተጣመመ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ወይም አዲስ መዛል ከመጣ ግን «ትንሽ ይተኙና እናያለን» የሚባል ነገር የለም፣ በቀጥታ ሆስፒታል!

አባቴ በአራተኛው ወር ጫማቸውን ራሳቸው ማሰር ጀመሩ። አንዱ ጫማ ብቻ 10 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። እጃችን ቢበላንም አልነካንም፤ ከቤት የምንወጣበት ቀን ሲሆን ሁላችንም ግማሽ ሰዓት ቀድመን እንነሳ ነበር።