የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እንጀራ ሲቀንስ ከምን ይጀምር?

ደሴ ውስጥ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው «ክብደት ቀንስ» ከተባለ በማግስቱ የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ እንጀራ ያቆማል። ሐሳቡ መሠረት የሌለው አይደለም። የደም ስኳርን ከሌላው ምግብ ሁሉ አብልጦ ከፍ የሚያደርገው በእንጀራና በዳቦ ውስጥ በብዛት ያለው ካርቦሃይድሬት ነውና፣ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለበትና ውፍረት ያስቸገረው ሰው እሱን ቢቀንስ የደሙ ስኳርም የሰውነቱ ክብደትም ሊወርድለት ይችላል። የሚያሳስበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። አሁን የሚወስዱት መድኃኒት መጠኑ የተወሰነው እስከ ዛሬ ሲበሉት ለኖሩት ገበታ ነው። ገበታው በግማሽ አንሶ መድኃኒቱ እንዳለ ከቀጠለ፣ ቀድሞ ከምግቡ ጋር ይመጣጠን የነበረው ኃይሉ ስኳርን ከሚገባው በታች ያወርደዋል። ስለዚህ ከምግቡ በፊት ስለ መድኃኒቱ እናገራለሁ።

ይህን የተማርሁት በራሴ ላይ ነው። ግሊበንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን ጠዋትና ማታ እወስድ በነበረበት ጊዜ፣ ለሐኪሜ ሳልናገር የምሳና የእራት እንጀራዬን ወደ ሩብ አወረድሁት። በአራተኛው ቀን ከገበያ ስመለስ የሰፈሬን ዳገት እኩሌታ ላይ ሳልደርስ ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኔ ብዥ አለብኝ። በመንገድ ዳር ሱቅ የነበራት ሴት ሁኔታዬን አይታ ስኳር በውኃ በጥብጣ ባታጠጣኝ ኖሮ እዚያው እወድቅ ነበር።

ለሐኪምዎ የሚናገሩት ነገር ግልጽ ይሁን፤ «ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ የምበላውን እንጀራና ዳቦ በግማሽ ልቀንስ አስቤአለሁ፤ የመድኃኒቴ መጠን ይስተካከል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከመጠን በላይ የመውረዱ ዕድል አነስተኛ ነው። ግሊበንክላማይድ፣ ግሊሜፒራይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ግን ከመጀመሩ በፊት መጠኑ መታየት አለበት። ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን የሚባሉትን የሚወስድ ሰው ካርቦሃይድሬትን አብዝቶ ሲቀንስ ደሙ ውስጥ አሲድ ሊጠራቀም ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ስኳሩ እምብዛም ከፍ ሳይል ጭምር ስለሆነ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመምና ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከታየ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። የደም ግፊት መድኃኒትም እንዲሁ ይነሣ፤ ክብደትና የሰውነት ውኃ ሲቀንስ ግፊትም ይወርዳልና። አንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች፣ ኩላሊታቸው የተጎዳ፣ የዓይናቸው ውስጠኛ ክፍል በስኳር የተነካ ሰዎች ይህን ለብቻቸው ፈጽሞ አይጀምሩት። ኢንሱሊንን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ለማንም አይፈቀድም።

ስኳር ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከወረደ ወይም ከላይ የተናገርኋቸው ምልክቶች ከታዩ፣ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥም ያው ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ካልተነሣ ይድገሙት። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም ነገር አይጨመርም፤ በፍጥነት ወደ ሕክምና ይወሰዳል። ካርቦሃይድሬት የሚቀንስ ሰው ኪሱ ውስጥ ስኳር ይዞ መሄዱ ለብዙዎች እንግዳ ነገር ነው፤ እኔ ግን ያለ ስኳር ከቤት አልወጣም።

ሐኪሙ ከተስማማ በኋላ የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም ሳይቀንሱ እንዲለኩ እመክራለሁ። ምግብ ከመጀመርዎ በፊት፣ ከዚያም መብላት ከጀመሩ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ይለኩና የበሉትን ከቁጥሩ ጎን ይጻፉ። ለብዙ ዐዋቂዎች የሚታሰበው ግብ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ በኋላ ከ180 በታች ነው፤ ለአረጋውያንና ተጨማሪ ሕመም ላለባቸው ሐኪሙ ሌላ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ለመለኪያው የሚያስፈልገው ስትሪፕ ውድ ስለሆነ በየምግቡ መለካት ለሁሉም አይቻልም፤ በሳምንት አንድ ቀን ቁርስን፣ አንድ ቀን ምሳን፣ አንድ ቀን እራትን መለካትም ብዙ ያስተምራል። አንድ ዓይነት ምግብ በአንዱ ሰው ላይ 40፣ በሌላው ላይ 90 ሊጨምር ስለሚችል፣ የጎረቤትዎ ልምድ የራስዎን መለኪያ አይተካም።

አሁን ወደ ሌማቱ እንምጣ። በቀን ከ130 ግራም በታች ካርቦሃይድሬት መብላት ዝቅተኛ ይባላል፤ ከ50 በታች የሚሆነው ደግሞ በጣም ዝቅተኛው ነው፤ ያለ ቅርብ የሐኪም ክትትል አይሞከርም። አንድ ትልቅ እንጀራ እንደ ስፋቱና እንደ ውፍረቱ ከ80 እስከ 100 ግራም ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ በምሳ አንድ፣ በእራት አንድ የሚበላ ሰው ዳቦውን፣ ቆሎውንና ስኳሩን ሳንጨምር ከገደቡ አልፏል። በእያንዳንዱ ምግብ ሩብ እንጀራ ቢበላ ግን በሁለቱ ምግብ ከ50 ግራም አይበልጥም፤ ለወጡና ለቀሪው ሰፊ ቦታ ይተርፋል። እንጀራን ጨርሰው ያቆሙ ብዙዎች በሁለተኛው ወር ሲመለሱበት አይቻለሁ፤ ሩቡን የያዙት ግን ዘልቀዋል።

እዚህ ላይ ሦስት የተለመዱ እምነቶችን ማረም ግድ ነው። ቀይ ጤፍ ስኳር አይጨምርም ይባላል፤ ነገር ግን ቀይም ሆነ ነጭ ጤፍ፣ 100 ግራሙ 70 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ነው። የገብስ ቆሎና በሶም እንደ መድኃኒት ይቆጠራሉ፤ ገብስ ስኳርን ቀስ አድርጎ የሚያስገባ ቃጫ ቢኖረውም ስታርቹ ያው ብዙ ነው፤ በቆላው ቃሉና ባቲ የሚበላው የማሽላ እንጀራም ከዚህ አይለይም። ሦስተኛው ማር ነው። የላስታን ነጭ ማር የማይወድ የለም፤ ይሁን እንጂ አንድ የሾርባ ማንኪያው 17 ግራም ያህል ስኳር አለው። አብሽና ሽፈራውም ቢሆኑ ክኒንን አይተኩም።

የጎደለውን የእንጀራ ሦስት አራተኛ ምን ይሙላው? ከሁሉ በፊት ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ቲማቲምና ቃሪያ። ጎመኑን በማንኪያ አስቀድሞ መብላት፣ ከዚያ ሥጋውን ወይም እንቁላሉን፣ እንጀራውን ደግሞ በመጨረሻ መብላት ከምግብ በኋላ የሚመጣውን የስኳር ጭማሪ ይቀንሳል። እንቁላል ካርቦሃይድሬቱ ከአንድ ግራም ያነሰ ነው። አይብ ጥሩ ነው። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ካለው ከሐይቅ የሚመጣው ቀረሶ ዓሣ ካርቦሃይድሬት የለውም፤ በብዙ ዘይት ከሚጠበስ በቲማቲምና በሽንኩርት ቢቀቀል ይሻላል። ሽሮና ምስር መሐል ላይ ያሉ ናቸው፤ ካርቦሃይድሬት አላቸው፣ ግን ፕሮቲናቸውና ቃጫቸው ያግዛል፤ ስለዚህ አንድ ጭልፋ በቂ ነው። ድንች፣ ሩዝ፣ ፓስታና ማካሮኒ ከእንጀራው ጋር ተደርበው መቅረብ የለባቸውም። ቅቤን በተመለከተ ደግሞ፣ ካርቦሃይድሬት ስለሌለው ብቻ እንደ ልብ የሚጨመርበት ከሆነ ክብደት አይቀንስም፤ ልብንም አይጠቅምም። ሥጋው ቀይ፣ ቅባቱ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ሆኖ በልክ ይሁን።

ከዚህ ሁሉ የከበደው የጋራው ገበታ ነው። አምስት ሰው ከአንድ ትሪ ሲበላ ማንም የበላውን አያውቅም፤ በዚያ ላይ «በሞቴ» እያሉ የሚያጎርሱ እጆች አሉ፤ የወሎ ሰው እንግዳን ሳያጎርስ የበላ አይመስለውም። የማደርገው እንዲህ ነው፤ ገበታው ሳይጀመር ድርሻዬን ሩብ እንጀራ ቆርጬ በፊቴ አኖራለሁ፤ እሱ ሲያልቅ ወጡን በማንኪያ እቀጥላለሁ። ለሚያጎርሱኝ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፤ «ጉርሻዬ ጎመንና ሥጋ ይሁን» ስላቸው ማንም ቅር አይለውም። የቤቱን ወጥ የምትሠራው ሰው ከመጀመሪያው ቀን ብትነገራት ደግሞ ሥራው ይቀላል፤ እሷ ሳታውቅ የተሳካለት ሰው አላየሁም።

ቡና ደግሞ በወሎ ከምግብ የሚያንስ ነገር አይደለም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ በእያንዳንዱ ሲኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከገባ ስድስት ማንኪያ፣ ማለትም 24 ግራም ገደማ ስኳር ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ከተፈላ 48። የቡና ቁርሱ ዳቦና ቆሎ ሲታከልበት፣ በምሳ የቀነሱት እንጀራ በዚህ በኩል ተመልሶ ይገባል። ስኳሩን በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ እየቀነሱ መጥተው ያለ ስኳር መጠጣት ይለመዳል፤ እኔ ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ ዛሬ ስኳር የገባበትን ቡና መጠጣት አልችልም። ጫትም በአገሩ አለና አነሣዋለሁ፤ አብሮት የሚጠጣው ለስላሳ በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይዟል፤ ጫቱም ራሱ የምግብ ሰዓትን ስለሚያዛባ የመድኃኒት ሰዓት ይፋለሳል።

በአንድ ቤት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በሚኖርበት አገር ስለ ጾም ሳይነገር አይታለፍም። በዐቢይ ጾም እንቁላሉ፣ አይቡና ሥጋው ሲቀሩ ገበታው ወደ እንጀራና ሽሮ ያዘነብላል። በዚያ ጊዜ ጎመኑን ማብዛት፣ ተልባንና ሰሊጥን መጨመር፣ አቮካዶ መብላት ይረዳል፤ እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ስለ ክኒኑ ሰዓት ከሐኪሙ፣ ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር። በረመዳንም በኢፍጣር ሰዓት ተምሩ ከአንድ ወይም ከሁለት አይለፍ፤ ሳምቡሳው ይቀነስና እንቁላልና አትክልት ይቅደም፤ ሱሑርም አይዘለል። ጣትን ወግቶ ስኳር መለካት ጾምን እንደማያፈርስ ብዙ ዑለማዎች ይናገራሉ። ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙ በዚያው ቅጽበት መፈታት አለበት፤ በሽተኛ ሌላ ጊዜ እንዲያካክስ በቁርኣን ተፈቅዶለታል።

ስለ ክብደቱ ጥቂት ልበል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሦስት ኪሎ ቢወርድ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ሰውነት ያከማቸው ስኳር እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይይዛልና፣ ክምችቱ ሲያልቅ ውኃውም ይወጣል። ከዚያ በኋላ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከወረደ መልካም ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ4 እስከ 8 ኪሎ ቢቀንስ በስኳሩ ላይ ለውጥ ይታያል። በብሪታንያ ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ዳይሬክት በተባለው ጥናት፣ 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ሰዎች 86 በመቶ የሚሆኑት ከአንድ ዓመት በኋላ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከሕመም ደረጃ በታች ሆኖ ተገኝቷል። እነዚያ ሰዎች ሕመሙ ከታወቀባቸው ስድስት ዓመት ያልሞላቸውና ኢንሱሊን የማይወስዱ ነበሩ፤ የተጠቀሙትም በካሎሪ የተመጠነ የሾርባና የወተት መሰል ምግብ እንጂ ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት አልነበረም። ይህን ያነሣሁት ክብደት መቀነሱ ራሱ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማሳየት ነው። ከምግብ በኋላ ለ15 ደቂቃ በእግር መሄድም የሚታይ ለውጥ ያመጣል፤ ደሴ ላይ ሜዳ ፍለጋ መድከም አያስፈልግም፣ ዳገቱ ለልብም ለጡንቻም ይሠራል፤ ደረቱን የሚያመው ሰው ግን አስቀድሞ ይመርመር።

በሦስተኛው ወር የደም ስኳርን የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየውን ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ የተባለውን ምርመራ ያስደርጉ፤ የኩላሊትና የቅባት ምርመራውም በዚያው ይታይ። የጻፉበትን ደብተር ይዘው ይሂዱ፤ ከ70 በታች የወረደባቸውን ቀናት በቀይ ቢያሰምሩባቸው፣ ሐኪሙ የትኛውን ክኒን መቀነስ እንዳለበት ከዚያ ይመለከታል።