በሼክስፒር ተውኔት ውስጥ «አንተ» እና «እርስዎ»ን ለዩ

የሼክስፒርን ተውኔት ስታነቡ ገጸ ባሕርያቱ እርስ በርስ ያላቸው ስሜት ካልተያዘላችሁ ሁለት ባለቀለም እርሳስ ያዙ። በአንዱ «ዛው» (thou)፣ «ዚ» (thee) እና «ዛይ» (thy) የሚሉትን፣ በሌላው «ዩ» (you) እና «ዩር» (your) የሚሉትን ቃላት አስምሩ። ከዚያ ቀለሙ የሚለወጥበትን ቦታ ፈልጉ።

ለዚህ የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ የተዘጋጀ ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ ለአንድ ሰው ሲነገር «ዛው» ወደ አንተና አንቺ፣ «ዩ» ወደ እርስዎ ይቀርብ ነበር። በ«ንጉሥ ሊር» የመጀመሪያ ትዕይንት ታማኙ ኬንት ንጉሡን በአክብሮት ሲማጸን ይቆይና በድንገት «ዛው» ይለዋል፤ «ሽማግሌ» የሚልም ይጨምርበታል። ንጉሥን በአደባባይ አንተ ማለት እኮ ነው! በዘመናዊ እንግሊዝኛ በቀለሉ እትሞች ሁለቱም «ዩ» ስለሚሆኑ ይህ ድንጋጤ ይጠፋል፤ ዋናውን ጽሑፍ አጠገባችሁ አድርጉ።

«ዛው» ሁልጊዜ ንቀት አይደለም፤ ፍቅረኞችም ይጠቀሙበታል፣ ፈጣሪም የሚጠራው በእርሱ ነው። ሼክስፒርም አልፎ አልፎ ያቀላቅላቸዋልና በአንድ ቃል ብቻ አትፍረዱ፤ ዙሪያውን አንብቡ። በ1800ዎቹ ግጥሞች ላይ ግን አትሞክሩት፤ ያኔ «ዛው» በአብዛኛው የግጥም ጌጥ ሆኖ ነበር።