የአሜሪካ የጡረታ ቁጠባን ጎንደር ሆኖ በየዓመቱ እንዴት ማውጣት ይቻላል

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ሠርተው፣ 401ኬ (በመሥሪያ ቤት በኩል የሚቆጠብበት የጡረታ ሂሳብ) ወይም አይአርኤ (ሰው በግሉ የሚከፍተው የጡረታ ሂሳብ) ላይ ቆጥበው ጎንደር ለተመለሱ ወይም ሊመለሱ ላሰቡ ነው። የአጎቴን ወረቀት የምጨርስለት እኔ ነኝ፤ የማውቀውም ከዚያ ነው። ከደመወዝዎ ሲቀነስ ግብር ያልተከፈለበት ገንዘብ፣ ሲወጣ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ይከፈልበታል። ሮት የሚባለው ሂሳብ ሌላ ነው፤ እሱን አልነካውም።

ከመሳፈርዎ በፊት የተበታተነውን ይሰብስቡ። በየድሮው መሥሪያ ቤት የቀረውን 401ኬ ወደ አንድ አይአርኤ ማዛወር ይቻላል። ዝውውሩ ሂሳቡን ከያዘው የገንዘብ ድርጅት ወደ ሌላው በቀጥታ ይሁን። ቼኩ በእርስዎ ስም ከተጻፈ 20 በመቶው ለግብር ይያዛል፤ ሙሉውን በ60 ቀን ውስጥ መልሰው ካላስገቡ ደግሞ የጎደለው እንደወጣ ይቆጠራል። መሰብሰቡ ሌላም ጥቅም አለው። ብዙ አይአርኤ ያለው ሰው የዓመቱን ግዴታ ደምሮ ከአንዱ ማውጣት ይችላል። 401ኬ ግን ከእያንዳንዱ ለየብቻ ነው የሚወጣው።

የአሜሪካ ስልክ ቁጥርዎን አይዝጉ። ወደ ሂሳብዎ በኢንተርኔት ሲገቡ ማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው በእሱ ነው። አጎቴ ዘግቶት መጣና አዘዞ ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ሂሳቡን የያዘው ድርጅት ሠራተኞች ቢሮ በሚገቡበት ሰዓት፣ በእኛ ማታ ማታ ሲደውል ከረመ።

ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ካወጡ፣ ጥቂት ምክንያቶች ካልሆኑ በቀር፣ ከግብሩ ሌላ 10 በመቶ ቅጣት አለ።

አሁን ወደ ዋናው። የአሜሪካ ሕግ ዕድሜዎ ሲደርስ በየዓመቱ ቢያንስ የተወሰነ ገንዘብ እንዲያወጡ ያስገድዳል፤ አርኤምዲ ይሉታል። በፈረንጅ ከ1951 እስከ 1959 የተወለደ በ73 ዓመቱ፣ በ1960 ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ በ75 ዓመቱ ይጀምራል። የእኛ 1952 ዓ.ም. እዚህ ላይ ያወዛግባል። ኅዳር ላይ የተወለደው 1959 ውስጥ ነው፤ መጋቢት ላይ የተወለደው ግን 1960 ገብቷል። ደግሞ የሚታየው እናትዎ የነገሩዎት ቀን ሳይሆን በሰነድዎ ላይ ያለው ነው። ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተሞላላቸው ሰዎች መቼም ብዙ ናቸው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ባለፈው ዲሴምበር 31 የነበረውን ቀሪ ሂሳብ አይአርኤስ (የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት) ባወጣው ሠንጠረዥ ከዕድሜዎ ትይዩ ላለው ቁጥር ያካፍሉታል። ለ73 ዓመት 26.5 ነው፤ 265,000 ዶላር ያለው ሰው 10,000 ያወጣል። በ80 ዓመት 20.2፣ በ90 ደግሞ 12.2 ነው፤ ስለዚህ የሚወጣው ድርሻ ከዓመት ዓመት ይጨምራል። ብቸኛ ወራሽዎ ከ10 ዓመት በላይ የሚያንሱዎት የትዳር አጋርዎ ከሆኑ ሌላ ሠንጠረዥ አለ። ሂሳቡን የያዘው ድርጅት ራሱ አስልቶ ሊልክልዎ ይችላል። እርስዎም ግን በእርሳስ ያካፍሉት፤ ሌላ ቦታ ያለዎትን ሂሳብ እሱ አያውቀውም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው በመጀመሪያው ዓመት ነው። ለዚያ ዓመት ብቻ እስከ ቀጣዩ ኤፕሪል 1፣ ማለትም እስከ መጋቢት 23፣ ማዘግየት ይፈቀዳል። ደግነት ይመስላል። ነገር ግን የሁለተኛው ዓመት ድርሻም በዚያው ዓመት፣ እስከ ዲሴምበር 31 መውጣት አለበት። የሁለት ዓመት ገንዘብ በአንድ ዓመት ገቢ ላይ ሲደመር ግብሩ ከፍ ይላል፤ ሶሻል ሴኩሪቲዎንም (ከመንግሥት የሚከፈልዎትን ጡረታ) ግብር ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። ማዘግየት የሚያዋጣው፣ በእኔ አስተያየት፣ በመጀመሪያው ዓመት ገና ደመወዝ እያገኘ ለነበረ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ቀነ ገደቡ ሁሌም ዲሴምበር 31 ነው፤ ከገና አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ። እስከዚያ አይጠብቁ፤ ጥቅምት ላይ ይጨርሱት። ያልወጣው ገንዘብ 25 በመቶ ይቀጣል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከተስተካከለ ቅጣቱ ወደ 10 በመቶ ሊወርድ ይችላል።

«ውጭ ስለምኖር ግብር የለብኝም» የሚል ወሬ አይስሙ። ውጭ ለሚኖሩ የአሜሪካ ዜጎች የሚሰጠው ነፃነት ለሥራ ገቢ እንጂ ለጡረታ ገንዘብ አይደለም። ክፍያው ከአሜሪካ ውጭ የሚላክ ከሆነም «ግብር አይያዝብኝ» ማለት አይቻልም። ዜጋ ያልሆኑና ግሪን ካርዳቸውን የመለሱ ሰዎች ጉዳይ ይለያል፤ በአብዛኛው 30 በመቶ ይቆረጥባቸዋል። ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላቸው በዚያ በኩል ቅናሽ የለም።

የወጣው ገንዘብ ሁሉ ጎንደር መምጣት የለበትም። የማያስፈልግዎት እዚያው በተራ ሂሳብ ይቀመጥ፤ ለኑሮ የሚሆነውን ብቻ በየወሩ ያስልኩ። የዓመቱን በአንዴ መመንዘር አልወድም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 አልፏል፤ ቀድሞ የመነዘረ ተቆጨ።

አንድ ቅጽ ቀረ። እዚህ ያለዎት የባንክ ሂሳብ፣ ከአሜሪካ ውጭ ካሉት ሌሎች ጋር ተደምሮ፣ በዓመቱ ውስጥ በአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ኤፍባር የሚባለውን የውጭ ሂሳብ ማሳወቂያ መሙላት አለብዎት። የሚላከው ከግብሩ ተለይቶ በኢንተርኔት ነው፤ ክፍያም የለውም።