ኢሜይል አልገባም ሲባል፦ በትንሽ ድርጅት ሰርቨር ላይ የስፓም ማጣሪያን እንዴት መፈተሽ ይቻላል

ደንበኛ የላከው ፕሮፎርማ አልገባም፤ የክብደት መቀነሻ ማስታወቂያ ግን በቀን አሥር ጊዜ ይገባል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ ስፓም ነጥቡ፣ ማለትም ማጣሪያው አንድን መልእክት ስፓም (ያልተፈለገ ኢሜይል) ወደሚልበት ቁጥር ነው። 5 የነበረውን 8 ያደርገዋል፣ ማስታወቂያው እጥፍ ይሆናል፣ ፕሮፎርማው ግን አሁንም የለም። ነጥብ የሚሰጠው ፕሮግራም መልእክቱን ጭራሽ አላየውም ይሆናላ! በአንድ ትንሽ ሰርቨር ላይ ኢሜይል የሚያቆሙ ቢያንስ አራት በረኞች አሉ። የትኛው እንዳቆመው ሳይታወቅ የሚነካ ሴቲንግ ሁሉ ሁለተኛ ችግር ይወልዳል።

እዚህ የምንነጋገረው በብዛት ስለሚገኘው አደረጃጀት ነው፦ ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነቶች) ላይ የተጫነ፣ ኢሜይል የሚቀበለውና የሚልከው ፖስትፊክስ፣ ከኋላው ስፓምአሳሲንን (ነጥብ ሰጪውን) እና ክላምኤቪን (የቫይረስ ፈታሹን) የሚጠራ አማቪስ፣ መጨረሻ ላይ መልእክቱን ሣጥን ውስጥ የሚያስገባ ዶቭኮት። የትእዛዝና የፋይል ስሞች እንደሚነበቡ ተጽፈዋል፤ ሰርቨሩ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት።

1. አንድ መልእክት ይምረጡና ዱካውን ይከተሉ

«ኢሜይል አይገባም» በሚል አቤቱታ ላይ አይሥሩ። የላኪውን አድራሻ፣ የተቀባዩን አድራሻና የተላከበትን ሰዓት ይጠይቁ። ሰዓቱን ሲሰሙ ይጠንቀቁ፦ ደንበኛው «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ልኬያለሁ» ሲል 9:00 ማለቱ ነው፤ ሰርቨሩ በዩቲሲ (ከአዲስ አበባ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው የዓለም ሰዓት) የሚመዘግብ ከሆነ ደግሞ ሎጉ (የሰርቨሩ መዝገብ) ላይ የሚፈለገው 06:00 አካባቢ ነው። ሎጉ ላይ 03:00ን እየፈለጉ «ጭራሽ አልመጣም» ብሎ መደምደም የተለመደ ስህተት ነው።

ከዚያ ቫር፣ ሎግ ውስጥ ያለውን ሜይል ሎግ ከፍተው የላኪውን አድራሻ በግሬፕ (የጽሑፍ መፈለጊያ ትእዛዝ) ይፈልጉ። የሚያገኙት ከሚከተሉት አንዱ ነው።

«ኖኪው፦ ሪጀክት» ካለ፣ ፖስትፊክስ ራሱ በር ላይ መልሶታል፤ አማቪስ አላየውም። «ብሎክድ ስፓም» ካለ፣ ያቆመው አማቪስ ነው፤ አጠገቡ «ሂትስ» የሚል ነጥብ ይኖራል። «ዲፈርድ» ካለ፣ ወረፋ ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነው፣ አልጠፋም። ዶቭኮት «ስቶርድ ሜይል ኢንቱ ሜይልቦክስ ጀንክ» ካለ ደግሞ ኢሜይሉ ደርሷል፤ ያዘዋወረው የሲቭ (ኢሜይል ወደ ፎልደር የሚደረድር) ሕግ ነው፣ ብዙ ጊዜም ሠራተኛው ራሱ ከዌብሜይሉ ላይ ያወጣው ሕግ። ምንም ዱካ ከሌለ ማጣሪያውን ይተዉት፤ ኢሜይል ወደ የትኛው ሰርቨር እንደሚሄድ የሚናገረውን የኤምኤክስ ሪኮርድና ኢሜይሉ የሚገባበትን የ25 ፖርት ይዩ።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ፖስትፊክስ መልእክቱን ለአማቪስ በ10024 ፖርት ሰጥቶ በ10025 መልሶ ሲቀበለው አዲስ የወረፋ ቁጥር ይሰጠዋል። ስለዚህ አንድ ኢሜይል ሁለት ቁጥር አለው። የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ የተከተለ ሰው «ሴንት» የሚለውን አይቶ ደርሷል ብሎ ያምናል፤ ያ «ሴንት» ግን ለአማቪስ ተሰጠ ማለት ብቻ ነው። በሁለቱም ቁጥሮች ላይ የማይለወጠው ሜሴጅ አይዲ ስለሆነ እሱን ይከተሉ።

2. መነካካት ከመጀመርዎ በፊት መረቡን ይዘርጉ

በፖስትፊክስ ዋና የሴቲንግ ፋይል፣ በሜይን ዶት ሲኤፍ ላይ «ሶፍት_ባውንስ = የስ» ብለው ሪሎድ ያድርጉ። ይህ 5 ብሎ የሚጀምረውን የመጨረሻ እምቢታ ወደ 4፣ ማለትም «ቆየት ብለህ ሞክር» ወደሚል መልስ ይለውጠዋል። እርስዎ ቢሳሳቱም የላኪው ሰርቨር ደግሞ ይሞክራል፤ የደንበኛ ደብዳቤ አይጠፋም። ሥራው ሲያልቅ መልሶ ማጥፋት የግድ ነው፤ አለበለዚያ ስፓም ላኪዎችም ቀናት ሙሉ በር ሲያንኳኩ ይሰነብታሉ።

3. በር ላይ የተመለሰ ከሆነ፦ ዲኤንኤሱን ይጠርጥሩ

በሎጉ ላይ ሪጀክት የሚለው መስመር መጨረሻ «ብሎክድ ዩዚንግ ዜን ዶት ስፓምሃውስ ዶት ኦርግ» ቢል፣ የመጀመሪያው ሐሳብ ላኪው ብላክሊስት (ስፓምሃውስ የሚያወጣው የተጠረጠሩ አይፒዎች ዝርዝር) ውስጥ ገብቷል የሚል ነው። አንድ ላኪ ብቻ ከሆነ ልክ ሊሆን ይችላል። ከጂሜይል፣ ከአውትሉክ፣ ከባንኩም ከሁሉም የሚመጣው እንዲህ እየተባለ ከተመለሰ ግን ችግሩ ያለው እርስዎ ጋ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰርቨርዎ የላኪውን አይፒ ገልብጦ ከብላክሊስቱ ስም ፊት ይለጥፍና ተራ የዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ የሚለውጥ አገልግሎት) ጥያቄ ይጠይቃል። አይፒው ከሌለ «እንዲህ ያለ ስም የለም» የሚል መልስ ይመጣል። ካለ ከ127.0.0.2 እስከ 127.0.0.11 ባለው ክልል ውስጥ ያለ ቁጥር ይመጣል። ስፓምሃውስ ግን ጥያቄው በ8.8.8.8 ወይም በ1.1.1.1 ዓይነት የሕዝብ ዲኤንኤስ በኩል ሲመጣበት ጠያቂው ማን እንደሆነ ስለማያውቅ አይመልስም፤ ይልቁንም 127.255.255.254 የሚል የስህተት ኮድ ይሰጣል። ጥያቄ ሲበዛበት ደግሞ 127.255.255.255 ይላል። ፖስትፊክስ የተለየ ነገር ካልተነገረው በቀር ማንኛውንም ቁጥር «አዎ፣ ዝርዝሩ ውስጥ አለ» ብሎ ይወስደዋል። ውጤቱም ድርጅቱ በአንድ ጀምበር ከዓለም ሁሉ ኢሜይል መቀበል ማቆሙ ነው፤ ያውም አንድም ሴቲንግ ሳይነካ፣ ምናልባት ራውተሩ ተቀይሮ ዲኤንኤሱ በዚያው 8.8.8.8 ስለሆነ ብቻ።

ለማረጋገጥ ሰርቨሩ ላይ ሆነው በዲግ (የዲኤንኤስ መጠየቂያ ትእዛዝ) 2.0.0.127 ብለው የዜንን ስም (ዜን ዶት ስፓምሃውስ ዶት ኦርግ) ከኋላው አስከትለው ይጠይቁ። ይህ ሁልጊዜ ዝርዝሩ ውስጥ የሚገኝ የመሞከሪያ አድራሻ ነው፤ 127.0.0.2ን የጨመረ መልስ ከመጣ ደህና ነው። በ127.255 የሚጀምር ከመጣ ግን ጥፋተኛውን አግኝተዋል።

መፍትሔው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ብቻ አይበቃም። አንደኛ፣ በፖስትፊክስ ውስጥ ሪጀክት_አርቢኤል_ክላየንት ከሚለው ቀጥሎ የብላክሊስቱን ስም ብቻ አይተዉት፤ ከኋላው =127.0.0.[2..11] ብለው የሚታመነውን መልስ ይወስኑ። ከዚያ በኋላ የስህተት ኮድ ቢመጣም ሰው አይመለስበትም። ሁለተኛ፣ አንባውንድ የተባለውን የዲኤንኤስ ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ ይጫኑና በ127.0.0.1 ራሱ ከሥር ጀምሮ እንዲጠይቅ ያድርጉት። «ፎርዋርድ ዞን» ብሎ ወደ 8.8.8.8 የሚመራ መስመር ካስገቡበት ግን የተለፋበት ሁሉ ከንቱ ነው፤ ጥያቄው ዞሮ በዚያው በር ይወጣል። ስፓምሃውስ ለንግድ ድርጅት የተለየ የአጠቃቀም ደንብ ስላለው እሱንም ማንበብ ተገቢ ነው፤ በቁልፍ የሚሠራ አገልግሎትም አለው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ የሚባለውን ፋይል በእጅ ብቻ ከቀየሩት ሰርቨሩ ሪስታርት ሲደረግ ወይም ዲኤችሲፒ ሲታደስ ወደ ድሮው ይመለሳል፤ አድራሻውን በኔትወርክ ሴቲንጉ ላይ ይጻፉት። ሌላው ደግሞ በዴቢያን ላይ ፖስትፊክስ ብዙውን ጊዜ በራሱ አጥር ውስጥ ተዘግቶ ነው የሚሠራው፤ የዚያን ፋይል ቅጂ የሚያነበው ቫር፣ ስፑል፣ ፖስትፊክስ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዲግ ትክክለኛ መልስ እየሰጠ ፖስትፊክስ ግን አሮጌውን ዲኤንኤስ ይጠይቃል። ሪሎድ ሳይሆን ሪስታርት ያድርጉት፤ ቅጂው ያኔ ይታደሳል።

ስፓምአሳሲንም በዚሁ ሕመም ይታመማል፤ ምልክቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በመልእክቱ ሄደር (ከጽሑፉ በላይ ባለው የቴክኒክ መረጃ) ላይ «ዩአርአይቢኤል_ብሎክድ» የሚል ካዩ፣ ጥያቄው ስለተከለከለ ማጣሪያው በስፓም ውስጥ ያሉትን ሊንኮች መፈተሽ አልቻለም ማለት ነው። ማስታወቂያው እንደልቡ የሚገባው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። አንባውንድ ይህንንም ይፈታል።

4. አማቪስ ያቆመው ከሆነ

በመጀመሪያ ሄደሩን ያንብቡ። ኤክስ-ስፓም-ስታተስ የሚለው መስመር ነጥቡንና የትኛው ሕግ ስንት እንደሰጠ ይነግርዎታል። ሄደሩ ጭራሽ ከሌለ ሁለት ነገር ይዩ፦ የድርጅቱ ዶሜይን በአማቪስ የአካባቢ ዶሜይኖች ዝርዝር ውስጥ መግባቱን፣ እና «ታግ ሌቭል» የሚለው ቁጥር ከፍ ማለቱን። ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘው መልእክትም ሄደር እንዲኖረው ታግ ሌቭሉን -999 ያድርጉት።

ሰው ሰዓታት የሚያባክንበት ቦታ ይኼውልዎት፦ በስፓምአሳሲን ሎካል ዶት ሲኤፍ ላይ «ሪኳየርድ_ስኮር» የሚለው 5 አማቪስን አይመለከተውም። አማቪስ የራሱ ሁለት ቁጥር አለው፤ «ታግ2» ስፓም ነው ብሎ የሚለጥፍበት፣ «ኪል» ደግሞ የሚያቆምበት ነው። መቀየር ያለበት እዚያ ነው። እንዲሁም አማቪስ ስፓምአሳሲንን በውስጡ ጭኖ ስለሚሠራ፣ ሎካል ዶት ሲኤፍን ቀይሮ ስፓምዲን (ስፓምአሳሲን ለብቻው የሚሠራበትን ፕሮግራም) ሪስታርት ማድረግ ዋጋ የለውም። ሪስታርት የሚደረገው አማቪስ ነው። እንዲያውም ስፓምዲን ሌላ የሚጠቀምበት ከሌለ ቢያጠፉት ራም ይተርፍዎታል።

ለትንሽ ድርጅት የሚበጀው የስፓምን ዕጣ «ዲ_ፓስ» አድርጎ፣ ምልክት ለጥፎ፣ በሲቭ ወደ ጀንክ መላክ ነው። አንድ የጠፋ ትእዛዝ ከሚያደርሰው ኪሳራ ሠራተኛው ጀንክ ፎልደሩን በቀን አንዴ ቢያይ ይሻላል። «ዲ_ባውንስ» ግን አይሞከርም፤ ስፓም የላኪ አድራሻው የተሰረቀ ስለሆነ መልሱን ለማያውቅ ሰው ይልኩና ራስዎ ብላክሊስት ውስጥ ይገባሉ።

5. ያስተማሩት ማጣሪያ ካልተማረ

የስፓምአሳሲን ቤይስ፣ ማለትም ከምሳሌ የሚማረው ክፍሉ፣ 200 ስፓምና 200 ደህና መልእክት ካላየ ሥራ አይጀምርም። አንድ አድሚን አንድ ሺህ ስፓም በኤስኤ-ለርን አስተምሮ ለውጥ ካላየ፣ ብዙውን ጊዜ ያስተማረው ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆኖ ነው። ሩት ሲያስተምር የሚሞላው የሩት ማህደር ነው፤ አማቪስ የሚያነበው ደግሞ አማቪስ በሚለው ተጠቃሚ ስም ያለውን። «ሱዶ -ዩ አማቪስ» ብለው ኤስኤ-ለርንን በ«--ደምፕ ማጂክ» ያስጠይቁ፤ «ኤንስፓም» እና «ኤንሃም» የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች ያያሉ። 0 ወይም ከ200 በታች ከሆኑ እንደገና፣ በዚያው ተጠቃሚ ስም ያስተምሩ። የሩትን ፋይሎች በቀጥታ መቅዳት አቋራጭ ይመስላል፤ ባለቤትነቱ ሩት ሆኖ ስለሚቀር ግን አማቪስ መጻፍ ያቅተውና ሎጉ በ«ፐርሚሽን ዲናይድ» ይሞላል።

በአማርኛ የሚጻጻፍ ድርጅት ደህና መልእክቶችን ሲያስተምር የአማርኛውን ማስቀደም አለበት፤ ዝግጁ ሆነው የሚመጡት ሕጎች በአብዛኛው የተጻፉት ለእንግሊዝኛ ስፓም ነው። ቴክስትካት የሚባለው ተጨማሪ ተከፍቶ «ኦኬ_ላንጉዌጅስ» ላይ እንግሊዝኛ ብቻ ከተጻፈ በአማርኛ የተጻፈ ሁሉ «ያልተፈለገ ቋንቋ» ተብሎ ነጥብ ይጨመርበታል። የአማርኛ ምልክት «ኤኤም» ነው፤ ይጨምሩት፣ ወይም ተጨማሪውን ይዝጉት።

6. ሰዓትና ራም

የወጪ ኢሜይልዎ ሌላ ቦታ «ዴት_ኢን_ፊውቸር» የሚል ነጥብ ከተጣለበት የሰርቨሩ የሰዓት ክልል ዩቲሲ ሆኖ ሰዓቱ በእጅ በአዲስ አበባ አቆጣጠር ተሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ እያንዳንዱ ደብዳቤ 3 ሰዓት ከወደፊት ይመጣል። ክልሉን አፍሪካ/አዲስ አበባ ያድርጉና ሰዓቱን በኢንተርኔት ለሚያስተካክለው ለኤንቲፒ ይተዉለት። መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ የሚበላሽ ከሆነ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል።

ኢሜይሉ ሁሉ «ዲፈርድ» ሆኖ ወረፋው ካበጠ ደግሞ ክላምኤቪን ይዩ። የቫይረስ ዝርዝሩ ብቻ ከ1 ጊጋባይት በላይ ራም ይይዛል፤ ዝርዝሩ ሲታደስ አዲሱን ከአሮጌው ጎን ስለሚጭን ለአፍታ እጥፍ ይሆናል። 2 ጊጋ ባለው ሰርቨር ላይ ሊኑክሱ ራም ሲያልቅበት ክላምዲን (የክላምኤቪን ፈታሽ ፕሮግራም) ይገድለዋል፣ አማቪስም ሳይፈተሽ አላሳልፍም ብሎ ይቆማል። በዲሜሰጅ (የሊኑክስን መልእክቶች በሚያሳየው ትእዛዝ) «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚለውን ይፈልጉ። በክላምዲ ኮንፊግ «ኮንከረንትዳታቤዝሪሎድ ኖ» ማለት እጥፍ መሆኑን ያስቀራል፤ በሚታደስበት ጊዜ ፍተሻው ለጥቂት ጊዜ ይቆማል፣ ያ ግን ጉዳት የለውም። ራም መጨመር ከተቻለ የተሻለ ነው።

7. የታመኑ ላኪዎችን ማስገባት

«ዋይትሊስት_ፍሮም» የላኪውን ስም ብቻ ስለሚያይ ማንም ሊያስመስለው ይችላል፤ የሐሰት የክፍያ መጠየቂያ የሚላከውም በታመነ አቅራቢ ስም ነው። በምትኩ «ዋይትሊስት_አውዝ» ይጠቀሙ፤ የላኪውን እውነተኛነት በሚያረጋግጡት በኤስፒኤፍ ወይም በዲኪም ያለፈውን ብቻ ያስገባል። በስፓምአሳሲን ስሪት 4 «ዋይትሊስት» የሚለው ስም «ዌልካምሊስት» ተብሏል። ግሬይሊስቲንግ ካለ እንዲጠፋ እንመክራለን፤ ይህን የሚሠራው ፖስትግሬይ የማያውቀውን ላኪ 300 ሰከንድ ያስጠብቃል፣ የባንክ የማረጋገጫ ኮድ ደግሞ እስከዚያ ጊዜው ያልፍበታል።

8. ሞክረው ይዝጉ

ከውጭ አድራሻ ሦስት መልእክት ይላኩ፦ አንድ ተራ፣ አንድ በአማርኛ ፒዲኤፍ የተያያዘበት፣ አንድ ደግሞ ስፓምአሳሲን 1000 ነጥብ የሚሰጠውን ጂቲዩብ የተባለውን የመሞከሪያ ጽሑፍ የያዘ። ሁለቱ ኢንቦክስ፣ ሦስተኛው ጀንክ መግባት አለበት። ከዚያ የቆመውን ወረፋ በ«ፖስትኪው -ኤፍ» ይግፉት፤ ፖስትፊክስ 5 ቀን ከሞላው በኋላ ለላኪው ስለሚመልስ አርብ የቆመ ኢሜይል ረቡዕ ላይ ይመለሳል። በመጨረሻም ሶፍት_ባውንስን «ኖ» ያድርጉ፣ ሪሎድ ያድርጉ፣ በማግሥቱ ጠዋት ሎጉ ላይ «ሪጀክት» የሚሉትን መስመሮች አንድ በአንድ ይዩ።