እናትና አባትን ነርሲንግ ሆም ካስገቡ በኋላ የሚሠሩ ስህተቶች

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነርሲንግ ሆም (የአዛውንቶች መንከባከቢያ ቤት) ነው የምሠራው፤ ሲኤንኤ ነኝ፣ የነርስ ረዳት ማለት ነው። ድሮ ስናነሳና ስናስተኛ የምንውለው የፈረንጅ አዛውንት ነበር። አሁን አሁን የራሳችን እናቶችና አባቶችም እየገቡ ነው። ልጆች “እናስገባቸው ወይስ አናስገባቸው” እያሉ ወራት ይጨቃጨቃሉ። ከገቡ በኋላ ግን “ቀኑን ምን ሲሠሩ ይውላሉ?” ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አላይም። ማስገባት አለማስገባቱን ለየቤተሰቡ ልተወው። የማወራው ከገቡ በኋላ ስላለው ኑሮ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅ። ነርሲንግ ሆም የሚሄደው በወረቀት ነው። ጠዋት ሺፍት የገባችው ልጅ ስለ እናታችሁ የምታውቀው የተጻፈውን ነው። ያልተጻፈ ነገር እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ብዙዎቹ የሚመጡት ከዚህ ነው።

ኬር ፕላን ስብሰባ ላይ መቅረት

በፌዴራሉ ሕግ መሠረት አንድ ሰው በገባ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያው የእንክብካቤ ዕቅድ ይወጣል። በ14 ቀን ውስጥ ደግሞ ሰፋ ያለ ግምገማ ይደረጋል። ከዚያ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ይከለሳል። ቤተሰብ ይጋበዛል። የኛ ሰው ግን ወይ ሥራ ላይ ነው፣ ወይ “እነሱ ያውቁበታል” ብሎ ይተወዋል። በስልክም መግባት ይቻላል እኮ።

እዚያ የሚጠየቀው ስለ በሽታ ብቻ አይደለም። ስንት ሰዓት መነሳት ይወዳሉ? ገላቸውን መታጠብ የሚፈልጉት መቼ ነው? ሙዚቃ ይወዳሉ? ሃይማኖታቸውስ? በ1987 የወጣው የነርሲንግ ሆም ማሻሻያ ሕግ አዛውንቱ እንደ ምርጫቸው የመኖር መብት ሰጥቷቸዋል። ምርጫቸውን ካልተናገራችሁ ግን የቤቱ ልማድ ይሆናል ምርጫቸው።

አንዲት እናት ዕድሜ ልካቸውን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስተው ጸሎት የሚያደርሱ ናቸው እንበል። ሌሊት የገባችው ሠራተኛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሲያነበንቡ ታገኛቸዋለች። “እንቅልፍ የላትም፣ ብቻዋን ታወራለች” ብላ ብትጽፍ ትፈርዱባታላችሁ? ያ ጽሑፍ ዶክተሩ ጋ ይደርሳል። ከዚያ የእንቅልፍ መድኃኒት ጉዳይ ይነሳል። አስቀድሞ “ሌሊት ይጸልያሉ” የሚል አንድ መስመር ቢኖር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ገላ ማጠብም እንደዚሁ ነው። ወንድ ሠራተኛ ሊያጥባቸው ሲመጣ እማማ ይከለክላሉ። “እንክብካቤ አልቀበልም አለች” ተብሎ ይጻፋል። “በሴት ብቻ ይታጠቡልኝ” ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ጠይቁ።

የዓመተ ምሕረቱን ነገር አለመንገር

ይቺን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። አዛውንቱ ሲገቡም፣ ከዚያም በየጊዜው፣ አጭር የአእምሮ ፈተና ይሰጣቸዋል። ሦስት ቃል ደግመው እንዲሉ ይደረጋል። ዓመቱ ስንት እንደሆነ፣ ወሩና ዕለቱ ምን እንደሆነ ይጠየቃሉ። ነጥቡ ከ15 ነው። የዓመቱ ጥያቄ ብቻ ሦስት ነጥብ አለው፤ ከአምስት ዓመት በላይ የሳተ መልስ ዜሮ ያገኛል።

እንግዲህ አስቡት። አባባ በ2026 ላይ ሆነው “2018” ይላሉ። በኛ አቆጣጠር ልክ ናቸው። በወረቀቱ ላይ ግን ስምንት ዓመት ስተዋል፣ ዜሮ። ወሩንም “ጥር” ካሉ ጠያቂዋ ምኑን ከምን ታገናኘዋለች? ጭንቅላታቸው እንደ ምላጭ የሆነ ሰው “ግራ ተጋብቷል” ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። በየቀኑ የሚሳተፉበትን ነገር የሚመርጥላቸውም ሰው ያንን አይቶ ነው የሚመርጠው። ፈተናው በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ እንዲሰጥ ጠይቁ። የኛ ዘመን አቆጣጠር ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ እንደሆነም በፋይላቸው ላይ አስጽፉ።

“ተመስገን”ን እንደ መልስ መውሰድ

ነርሷ ገብታ “ያምዎታል?” ትላለች። “እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።” ነርሷ ሕመም የለም ብላ ትጽፋለች። ጉልበታቸው አብጦ፣ ሲገለበጡ ጥርሳቸውን ነክሰው። ልጅም ደውሎ “እማዬ እንዴት ነሽ?” ሲል ያቺኑ ይሰማና ስልኩን ይዘጋል።

የኛ ሰው አመመኝ ማለትን እንደ ማማረር ነው የሚያየው። እና ጥያቄውን ለወጥ ማድረግ ነው። “ዛሬ ማታ ስትተኙ የቱ ጎን ይሻላል?” “ከወንበር ስትነሱ የቱ ጋ ይይዝዎታል?” ስትሏቸው እውነቱ ይወጣል። የወጣውንም ለነርሷ ንገሩ።

ሀበሻዋን ሠራተኛ አስተርጓሚ ማድረግ

ይሄ ቁርሾ ስላለኝ ነው የምጽፈው፤ ይቅርታ። “አንቺ አለሽላት አይደል” ይባላል። አለሁላቸው። ግን በአንድ ሺፍት የብዙ ሰው ኃላፊነት አለብኝ፤ ዕረፍትም እወጣለሁ። የሕክምና ጉዳይ ማስተርጎም ደግሞ ሥራዬም ሙያዬም አይደለም። ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ ይገኛል። ሌላው ደግሞ፣ ማታ ደውላችሁ “ምን መድኃኒት ተሰጣት?” አትበሉን። የግላዊነት ሕግ አለ፤ ከሥራ እንባረራለን።

ይልቅ አንድ ወረቀት አዘጋጁ። ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ በረደኝ፣ አመመኝ የሚሉትን በእንግሊዝኛ ፊደል አነባበባቸውን ጽፋችሁ አልጋው አጠገብ ለጥፉ። ፊሊፒናዋም ሆነች ጃማይካዊቷ “ውሃ?” ስትላቸው የእማማን ፊት ማየት ነው።

ምግብ ላይ የሚሠሩት

ሰው ሁሉ ምግብ ይዞ ይመጣል፤ ጥሩ ነው። ግን ከምትወስዱት በፊት እዚያ ምን እየቀረበላቸው እንደሆነ እወቁ። ጄሎ የምትባለዋ ቀይ የምትንቀጠቀጥ ጣፋጭ ከትሪው አትጠፋም። የምትሠራበት ጄላቲን አብዛኛውን ጊዜ ከአሳማ ነው። ኦርቶዶክስም ሙስሊምም እናቶች ሳያውቁ ሲበሏት አይቻለሁ። “አሳማ አይበሉም” ብቻ አትበሉ፤ “ጄላቲንም” በሉ።

ጾም ሌላው ነው። “ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች” ብትሉ የወጥ ቤቱ ሰው ምንም ሳትበላ የምትውል ይመስለዋል። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ አይበሉም ብላችሁ ዘርዝሩ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከመግባቱ በፊት የምግብ ባለሙያዋን አግኙ። ስኳር ያለባቸው ወይም ክብደት የቀነሱ ከሆነ ደግሞ የንስሐ አባታቸው መጥተው ቢያነጋግሯቸው ይሻላል። ልጅ “አይጹሙ” ቢል አይሰሙም፤ ቄሱ ሲሉ ይሰማሉ። ለሙስሊም እናትም በረመዳን እንዲሁ፤ የመድኃኒት ሰዓቱ መነካቱ አይቀርም።

ከቤት የምትወስዱት ላይ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ ጎመን አንድ ቀን አብዝታችሁ፣ ሌላ ጊዜ ጭራሽ ትታችሁ አታምታቱ፤ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ያዛባል። ሁለተኛው ይብሳል። ስትሮክ መትቷቸው መዋጥ ያስቸገራቸው ሰዎች ምግባቸው ይፈጫል፣ ውሃቸው እንዲወፍር ይደረጋል። ልጅ ይሄን አይቶ “እናቴን አጥሚት ብቻ ይመግቧታል” ይልና በር ዘግቶ በእንጀራ ጉርሻ ያጎርሳል። እንጀራ አፍ ውስጥ ይጣበቃል። ትን ብሎ ወደ ሳንባ የገባ ምግብ ሰው ይገድላል። ከማጉረሳችሁ በፊት የአዋዋጥ ባለሙያዋን ጠይቁ። ለስላሳ ሽሮ ሊፈቀድ ይችላል፤ ያውም በሷ ምክር።

“አክቲቪቲ አይወዱም” ብሎ መተው

ኮሪደሩ ላይ የወር መርሐ ግብር ተለጥፏል። ቢንጎ፣ ጥፍር መቀባት፣ ወንበር ላይ ሆኖ ስፖርት፣ በፊኛ መረብ ኳስ፣ የድሮ የአሜሪካ ዘፈን። እማማ በዊልቸር ተገፍተው ይመጣሉ። ፊኛው ሲወረወርባቸው ደንግጠው ነጠላቸውን ይከናነባሉ። ወረቀቱ ላይ “ተገኝታለች” ይባላል። ልጅ ሲመጣ “እማዬ አይመቻትም፣ ክፍሏ ትቀመጥ” ይላል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ማየት ነው።

ነገሩን እዚህ ላይ መተው ነው ስህተቱ። አንዲት ጎጃሜ እናት ነበሩ። ከማንም አይነጋገሩም፤ እጃቸው ብቻ ጭናቸው ላይ ይንቀሳቀሳል። ልጃቸው አንድ ቀን ባዘቶና እንዝርት ይዛ መጣች። እንዝርቱን ጭናቸው ላይ ሲያሾሩት፣ ከባዘቶው ክሩ ሲወጣ፣ ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ዕድሜዋን ሹራብ ስትሠራ የኖረች አንዲት አሜሪካዊት አዛውንት ዊልቸሯን አስጠግታ ክሩን በጣቷ ትዳስስ ጀመር። በምን ቋንቋ እንደተግባቡ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ማክሰኞና ሐሙስ ጥጥ መፍተል የእሳቸው አክቲቪቲ ሆኖ ተጻፈ።

ለአባቶች ዳማ አለ። እዚህ ቼከርስ የሚሉት ከኛ ዳማ ሕጉ ቢለይም እጃቸው ቶሎ ይለምደዋል፤ ቆርኪ ከጨመራችሁበት ደግሞ ይበልጥ። ዳዊት የሚደግሙ ከሆነ በትልልቅ ፊደል የታተመውን አምጡላቸው። በታብሌት የእሑድ ቅዳሴ ክፈቱላቸው፤ እዚያ ያለው የእሑድ ጸሎት የሌላ እምነት ሊሆን ይችላል፣ ሳይጠየቁ ተገፍተው አይወሰዱ። ለሚሰግዱት ቂብላው ወዴት እንደሆነ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ። ገና ጃንዋሪ 7፣ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 (በየአራት ዓመቱ አንዴ 12) እንደሆነ ለአክቲቪቲ ኃላፊዋ ቀድማችሁ ንገሯት። መርሐ ግብሩ ከታተመ በኋላ ብትመጡ ዘግይታችኋል።

ቡናውን እንደ ቤት ማፍላት

ከሰል፣ ዕጣን፣ ጧፍ ክፍል ውስጥ አይሞከርም። ጎረቤት አልጋ ላይ ኦክስጅን ያለበት ሰው ይኖራል፤ እሳት ማለት አደጋ ነው። ጭሱም ማንቂያውን ያስጮኸዋል። ቄጤማ ያንሸራትታል። ቤት ቆልታችሁ፣ አፍልታችሁ፣ በፔርሙዝ ይዛችሁ ኑ። ረከቦቱና ሲኒው ግን ይምጣ። የተቆላውን ቡና በክዳን ዕቃ አምጥታችሁ ፊታቸው ስትከፍቱት ሽታው ይበቃል። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሲኒውን ሞልታችሁ አትቅዱ።

እሑድ አሥር ሰው ሆኖ መምጣት፣ ሰኞ ማንም አለመምጣት

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ክፍሉ ይሞላል፤ ከዚያ እስከ ሚቀጥለው እሑድ ሰው የለም። ቀን ተከፋፈሉ። የመርሳት ችግር ያለባቸው ሰዎች ወደ አመሻሹ ላይ ይረበሻሉ፤ “ቤቴ ውሰዱኝ” ይላሉ። ከሥራ ወጥታችሁ የምትመጡት በትክክል በዚያ ሰዓት ነው። ከቻላችሁ ረፋዱን ኑ፤ ምሳ ሲቀርብ ውጡ። ትሪው ከፊታቸው ሲሆን ስንብቱ አይከብድም።

ግን ሰው የማይመጣበት ትልቁ ምክንያት ሌላ ነው። ቤተሰቡ ደብቆታል። “እማማ የት አሉ?” ሲባል “ዳላስ ወንድሜ ጋ ሄደዋል” ይባላል። ይሉኝታ ነው፤ “እናታቸውን ጣሉ” እንዳይባል። ዋጋውን የሚከፍሉት ግን እሳቸው ናቸው። የማኅበር ጓደኞቻቸው፣ ንስሐ አባታቸው፣ ሠላሳ ዓመት ቡና አብረው የጠጡት ጎረቤት፣ ማንም አያውቅም። ሰው ቢያማ ለአንድ ሳምንት ነው። ንገሩና ሰው ይምጣላቸው።

ልብስ

ሁሉም ልብስ ላይ በማይለቅ ቀለም ስም ይጻፍ፤ ነጠላውም ላይ። ላውንደሪ የገባ ሀበሻ ቀሚስ ሌላ ሰው ለብሶት ታገኙታላችሁ። ረጅም ነጠላ ደግሞ ዊልቸር ጎማ ውስጥ ይጠመጠማል፤ አጠር ያለ ይሁን።

ወይ ዝም፣ ወይ ጩኸት

ልጆች ቅሬታ ሲኖራቸው ወይ “እናቴን ይበቀሉብኛል” ብለው ይውጡታል፣ ወይ ኮሪደር ላይ የመጀመሪያዋን ሲኤንኤ ይጮሁባታል። ሁለቱም አይሠራም። የዕለቱን ኃላፊ ነርስ አናግሩ፤ ካልሆነ ሶሻል ወርከሯን፤ ያያችሁትን ከነቀኑ ጽፋችሁ ስጡ። ያም ካልሆነ በየስቴቱ ለነርሲንግ ሆም ነዋሪዎች የሚቆም እንባ ጠባቂ አለ፤ ክፍያ አይጠይቅም፣ ያለ ነዋሪው ፈቃድም ስሙን አያወጣም። ቤቱ የእንባ ጠባቂውን አድራሻና ስልክ ሰው በሚያየው ቦታ የመለጠፍ ግዴታ አለበት፤ ብዙ ጊዜ መግቢያው አካባቢ ነው። በሚቀጥለው ስትሄዱ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።